ኦክስጅን ዩራኒየምን መትቶ ሲሰነጥቀው ውህደት ይሁን ንክኪ እንዴት እንለያለን? ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ስሌት

ዩራኒየምን በከባድ አዮን (ቻርጅ ባለው ከባድ አቶም) ብትመቱት ይሰነጠቃል። ይሄ ዜና አይደለም። ዩራኒየም ለመሰንጠቅ ሰበብ የሚፈልግ ኒውክለስ ነው። 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት ውስጡ ከገባ ይበቃዋል። (ከዚህ በኋላ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልትን በላብራቶሪ አጠራሩ ኤምኢቪ እለዋለሁ።)

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። የተተኮሰው አዮን ሙሉ በሙሉ ገብቶ ከዩራኒየሙ ጋር ከተዋሃደ በኋላ ነው የተሰነጠቀው? ወይስ አዮኑ በጎን ሲያልፍ ጥቂት ፕሮቶንና ኒውትሮን ብቻ ጣል አድርጎለት? በሁለቱም መንገድ ዲቴክተር ላይ የሚመጡት ሁለት ከባድ ስንጥሮች ናቸው። እንደ እርሳስ ብረት (ሊድ) ባለ ለመሰንጠቅ በሚያስቸግር ዒላማ ላይ ፊሽን (የኒውክለስ መሰንጠቅ) ካያችሁ፣ ውህደት ነው ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትሳሳቱም። እንደ ዩራኒየም ባሉት ከባድ ኤለመንቶች፣ በአክቲናይዶች ላይ ግን ፊሽን ማየት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው በሁለቱ ስንጥሮች መካከል ያለው አንግል ነው።

ይህን አንግል በእርሳስና በካልኩሌተር መተንበይ ይቻላል። የሚያስፈልጋችሁ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ፣ የአቶም ማስ ሠንጠረዥ እና ትንሽ ትዕግስት ነው። ሙከራውን ራሱን ማንም ቤቱ አይሠራውም። አፋጣኝ ማሽንና ፈቃድ ያለው ላብራቶሪ ይፈልጋል። ስሌቱ ግን የማንም ነው።

ደረጃ 1፦ ጥንዱን ምረጡ

ኦክስጅን-16 በዩራኒየም-238 ላይ እንውሰድ። ብዙ የተጠና ጥንድ ነው። ፕሮቶኖቹን ደምሩ፦ 8 + 92 = 100። የማስ ቁጥሩን ደምሩ፦ 16 + 238 = 254። ሙሉ ውህደት ከሆነ የምናገኘው ፌርሚየም-254 ነው። የኦክስጅኑ ጉልበት 100 ኤምኢቪ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ለግጭቱ የሚደርሰውን ጉልበት አውጡ

100 ኤምኢቪው በሙሉ ለግጭት አይውልም። ከፊሉ ጠቅላላውን ሥርዓት ወደፊት በመግፋት ያልቃል። ለግጭቱ የሚቀረው ይሄ ነው፦

100 × 238 ÷ 254 = 93.7 ኤምኢቪ

ደረጃ 3፦ አጥሩን ያልፋል ወይ?

ሁለቱም ኒውክለሶች ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። ይህ የኩሎም አጥር ይባላል። ለመጀመሪያ ግምት፣ የሁለቱ ቻርጅ ብዜት በ1.44 ተባዝቶ ሲነካኩ በመካከላቸው ለሚኖረው ርቀት ይካፈላል። ርቀቱ በፌምቶ ሜትር ነው፤ የሁለቱን የማስ ቁጥሮች ኪዩብ ሩት ደምራችሁ በ1.4 ታባዛላችሁ።

የ16 ኪዩብ ሩት 2.52፣ የ238 ደግሞ 6.20 ነው። ድምሩ 8.72፣ በ1.4 ሲባዛ 12.2 ፌምቶ ሜትር። ስለዚህ፦

1.44 × 8 × 92 ÷ 12.2 = 87 ኤምኢቪ ገደማ

ይህ ግምት ትንሽ ከፍ ይላል። ኒውክለሶቹ ገና ሳይነካኩ የኒውክለር ስበቱ ስለሚጀምር አጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። በሙከራ የተገኘው አማካይ አጥር 82 አካባቢ ነው። እኛ 93.7 አለን፤ እናልፋለን።

እዚህ ላይ ግን «አማካይ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ዩራኒየም-238 ድቡልቡል አይደለም፤ እንደ ሎሚ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ኦክስጅኑ በሹሉ ጫፍ በኩል ከመጣ አጥሩ ዝቅ ይላል። በሆዱ በኩል ከመጣ ከፍ ይላል። ልዩነቱ በርከት ያለ ኤምኢቪ ነው። ወደ መጨረሻው ይህ ጉዳይ ራስ ምታት ሆኖ ይመለሳል።

ደረጃ 4፦ የተዋሃደው ኒውክለስ ምን ያህል ይግላል?

የማስ ሠንጠረዡን አውጡ። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ አይሶቶፕ የማስ ልዩነት በኤምኢቪ ይሰጣችኋል፤ ትክክለኛው ማስ ከማስ ቁጥሩ በምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ማለት ነው።

ኦክስጅን-16፦ −4.74
ዩራኒየም-238፦ +47.31
ፌርሚየም-254፦ +80.90

ከሚገቡት ላይ የሚወጣውን ቀንሱ፦ −4.74 + 47.31 − 80.90 = −38.33 ኤምኢቪ። ቁጥሩ ኔጋቲቭ ነው፤ ውህደቱ ራሱ ጉልበት ይበላል ማለት ነው። ስለዚህ ከ93.7 ላይ 38.3 ስንቀንስ 55.4 ኤምኢቪ ይቀራል። የፌርሚየሙ የግለት ጉልበት ይሄ ነው።

ለፊሽን ከሚያስፈልገው ወደ 6 ኤምኢቪ ጋር አወዳድሩት። እጥፍ ድርብ ነው። እንዲህ የጋለ ኒውክለስ ወይ ወዲያው ይሰነጠቃል፣ ወይ አንድ ሁለት ኒውትሮን ተፍቶ በረድ ካለ በኋላ ይሰነጠቃል። አንድ ኒውትሮን ሲወጣ ከ8 እስከ 10 ኤምኢቪ ያህል ይዞ ይሄዳል። ሳይሰነጠቅ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ደረጃ 5፦ የተዋሃደው ኒውክለስ በምን ፍጥነት ይሄዳል?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እየገባን ነው። ፍጥነትን በሳንቲ ሜትር በናኖ ሰከንድ እንለካ። ጉልበት ለማስ ቁጥር ሲካፈል፣ የውጤቱ ስኩዌር ሩት ሲወሰድና በ1.389 ሲባዛ ፍጥነት ይሆናል። ይህችን 1.389 በቃላችሁ ያዟት፤ እዚህ ሙያ ውስጥ በየቀኑ ትፈለጋለች።

የኦክስጅኑ ፍጥነት፦ 100 ÷ 16 = 6.25፤ ስኩዌር ሩቱ 2.5፤ በ1.389 ሲባዛ 3.47 ሳንቲ ሜትር በናኖ ሰከንድ።

ሞመንተም አይጠፋም። 16ቱ ይዘውት የነበረውን ሞመንተም አሁን 254ቱ ይካፈሉታል፦

3.47 × 16 ÷ 254 = 0.219 ሳንቲ ሜትር በናኖ ሰከንድ

ይህች ትንሽ ፍጥነት ናት የምርመራው ቁልፍ። ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ ከገባ 0.219 ትሆናለች። በከፊል ከገባ ሌላ ቁጥር ትሆናለች።

ደረጃ 6፦ ስንጥሮቹ በምን ፍጥነት ይራራቃሉ?

ኒውክለሱ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ስንጥሮች ፖዘቲቭ ስለሆኑ ተገፋፍተው ይበታተናሉ። የሚያገኙት ጠቅላላ የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚገርም መደበኛነት አለው። ቪዮላና ባልደረቦቹ በ1985 ያወጡት ቀመር እስከ ዛሬ ሁሉም ሰው እጅ ላይ አለ፦ አቶሚክ ቁጥሩን በራሱ አባዙ፣ ለማስ ቁጥሩ ኪዩብ ሩት አካፍሉ፣ በ0.1189 አባዙ፣ 7.3 ደምሩ።

ለፌርሚየም-254፦ 100 × 100 = 10,000፤ የ254 ኪዩብ ሩት 6.333፤ ሲካፈል 1,579፤ በ0.1189 ሲባዛ 187.7፤ 7.3 ሲደመር 195 ኤምኢቪ።

ልብ በሉ፤ ቀመሩ ውስጥ የግለት ጉልበት የለም። ኒውክለሱ 30 ኤምኢቪ ቢግልም 60 ቢግልም ስንጥሮቹ የሚወስዱት የእንቅስቃሴ ጉልበት ያው ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ጉልበቱ የሚመጣው ሁለቱ ቻርጆች ሊለያዩ ሲሉ ከሚፈጥሩት መገፋፋት ነው እንጂ ከሙቀቱ አይደለም። ሙቀቱ ኒውትሮን በመትፋት ይወጣል።

እኩል ለእኩል ተሰነጠቀ እንበል። እያንዳንዱ ስንጥር ማሱ 127፣ ጉልበቱ 97.5 ኤምኢቪ ይሆናል። ፍጥነቱ፦ 97.5 ÷ 127 = 0.768፤ ስኩዌር ሩቱ 0.876፤ በ1.389 ሲባዛ 1.217 ሳንቲ ሜትር በናኖ ሰከንድ።

ደረጃ 7፦ አንግሉን አውጡ

ኒውክለሱ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ስንጥሮቹ ጀርባ ለጀርባ፣ በ180 ዲግሪ ይለያዩ ነበር። አሁን ግን ኒውክለሱ ራሱ ወደፊት በ0.219 እየሄደ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ስንጥሮች ወደፊት ያዘነብላሉ፤ አንግሉ ከ180 ያንሳል። ይህን የእጥፋት አንግል እንበለው።

ስንጥሮቹ ከጨረሩ (ከሚተኮሱት አዮኖች) መስመር ወደ ጎን ቀጥ ብለው የወጡበትን ሁኔታ እንውሰድ። 0.219ን ለ1.217 አካፍሉ፤ 0.180። ካልኩሌተሩ ላይ የታንጀንት ተገላቢጦሹን ስትጫኑ 10.2 ዲግሪ ይሰጣችኋል። እያንዳንዱ ስንጥር በዚህ ያህል ወደፊት ያዘነብላል። ስለዚህ፦

180 − 2 × 10.2 = 159.6 ዲግሪ

ይህ የሙሉ ውህደት ፊርማ ነው።

«እኩል ባይሰነጠቅስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንሞክረው። ከባዱ 140፣ ቀላሉ 114 ይሁን። የሁለቱ ቻርጅ ብዜት ትንሽ ስለሚቀንስ ጠቅላላ ጉልበቱ ከ195 ወደ 193 ገደማ ይወርዳል፤ ይህን በሞመንተም ሕግ ስናከፋፍለው ከባዱ በ1.09፣ ቀላሉ በ1.34 ይሄዳል። ከባዱ 11.3 ዲግሪ ያዘነብላል፣ ቀላሉ 9.3። የእጥፋት አንግሉ 159.4 ይሆናል። ከቅድሙ በ0.2 ዲግሪ ብቻ ይለያል! አንግሉ ተወዳጅ የሆነው ለዚህ ነው። ስንጥሮቹ እኩል ይሁኑ አይሁኑ ግድ የለውም፤ ስለ ተላለፈው ሞመንተም ብቻ ይናገራል። ኒውትሮኖች ሲወጡ ስንጥሮቹን ትንሽ ስለሚያናውጡ የብዙ ፊሽኖችን አንግል የሚያሳየው ግራፍ ጥቂት ዲግሪ ይሰፋል፤ መሃሉ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ሲከላንድ፣ ሄይንስና ቪዮላ በ1962 በበርክሌይ የከባድ አዮን አፋጣኝ ላይ በዚህ አንግል ነው ሙሉ ውህደትን ከከፊሉ የለዩት። ከዚያ ወዲህ ዲቴክተሩ ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

ደረጃ 8፦ አስመሳዩን ያዙት

አሁን ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ አልገባም እንበል። ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን ለዩራኒየሙ ሰጥቶ፣ የቀረው ካርቦን-12 በነበረበት ፍጥነት ወደፊት ቀጠለ። ዩራኒየሙ ፕሉቶኒየም-242 ሆነ፤ እሱም ተሰነጠቀ።

የፕሉቶኒየሙ ፍጥነት፦ 3.47 × 4 ÷ 242 = 0.057። በቪዮላ ቀመር ጠቅላላ ጉልበቱ 176 ኤምኢቪ፣ የእያንዳንዱ ስንጥር ፍጥነት 1.18 ይሆናል። ስንጥሮቹ 2.8 ዲግሪ ብቻ ያዘነብላሉ፤ የእጥፋት አንግሉ 174.4 ነው።

159.6 እና 174.4። በ15 ዲግሪ ይራራቃሉ። ግራፉ ላይ ሁለት ጉብታ ታያላችሁ፤ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን ትጥላላችሁ። ያለቀ ይመስላል፤ አይደል?

አላለቀም። ካርቦኑ ወደፊት ይቀጥላል ያልነው የጨረሩ ጉልበት ከአጥሩ በጣም ሲበልጥ ይሠራል። የእኛ 100 ኤምኢቪ ግን ለአጥሩ ቅርብ ነው። እዚህ ጉልበት ላይ ዩራኒየሙን ጨርፎ የሚያልፍ ኦክስጅን ተገፍቶ ወደ ጎን ይወጣል፤ ወደ አጥሩ ይበልጥ ስንጠጋ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ኋላ ሲመለስ ዩራኒየሙን ወደፊት የሚገፋው ሙሉ ውህደት ከሚገፋው በላይ ነው! ጫፉን እንይ፦ ኦክስጅኑ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከነጠረ ዩራኒየሙ 2 × 0.219 = 0.438 ፍጥነት ያገኛል። ያ ዩራኒየም ከተሰነጠቀ የእጥፋት አንግሉ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል።

ስለዚህ አስመሳዩ ከ159.6 በላይም በታችም ሊመጣ ይችላል። በመካከል ደግሞ በትክክል 159.6 ላይ የሚያርፍ ይኖራል። እንግዲህ አንግሉን ብቻ ይዞ መፍረድ አጥሩ አካባቢ ያሳስታል።

ደረጃ 9፦ ፍጥነቱንም ለኩ

መፍትሔው ከአንግሉ ጋር የእያንዳንዱን ስንጥር ፍጥነት መለካት ነው። ከዒላማው ግራና ቀኝ ሁለት ሰፋፊ፣ ቦታና ሰዓት የሚያነቡ የጋዝ ዲቴክተሮች ይቆማሉ። ዲቴክተሩ ከዒላማው 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ስንጥራችን በላብራቶሪው ሲታይ በ1.237 ስለሚሄድ በ16 ናኖ ሰከንድ ይደርሳል። የአንድ ናኖ ሰከንድ ስህተት ፍጥነቱ ላይ 6 በመቶ ያህል ስህተት ያመጣል። ለዚህ ነው ጨረሩ በጣም አጫጭር በሆኑ ግፊቶች ተቆራርጦ የሚላከው።

ከዚያ ስሌቱ እንዲህ ነው። የሁለቱን ስንጥሮች ፍጥነት እርስ በርስ አባዙ። ውጤቱን በሁለቱ ስንጥሮች አንግሎች (እያንዳንዱ ከጨረሩ መስመር የሚለካ) ድምር ሳይን አባዙ። ይህን ያዙ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ፍጥነት በራሱ አንግል ሳይን አባዝታችሁ ሁለቱን ደምሩ። የያዛችሁትን ለዚህ ድምር አካፍሉ። የምታገኙት የተሰነጠቀው ኒውክለስ በጨረሩ አቅጣጫ የነበረው ፍጥነት ነው። በእኛ ቁጥሮች ሞክሩት፦ ሁለቱም ፍጥነት 1.237፣ ሁለቱም አንግል 79.8። መልሱ 0.219 ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር ከጨረሩ መስመር ወደ ጎን ያለው ፍጥነት ነው። ሙሉ ውህደት ከሆነ ዜሮ መሆን አለበት፤ ኦክስጅኑ ቀጥ ብሎ መጥቶ ሙሉ በሙሉ ገብቷልና። ካርቦኑ ወደ ጎን ካመለጠ ግን የተቀረው ኒውክለስ ወደ ተቃራኒው ጎን ይገፋል። ሁለቱን ፍጥነቶች በአንድ ግራፍ ላይ ስታስቀምጡ ሙሉ ውህደቱ 0.219 እና ዜሮ ላይ ጠበብ ብሎ ይሰበሰባል፤ አስመሳዩ ዙሪያውን ይበተናል። ከአንግሉ ብቻ ጋር ሲወዳደር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ጉርሻም አለው። የስንጥሮቹን ፍጥነት ከኒውክለሱ እንቅስቃሴ ነፃ ስታደርጉት፣ የፍጥነታቸው ምጣኔ የማሳቸው ምጣኔ ተገላቢጦሽ ነው። ቀደም ብለን ባየነው ምሳሌ 1.34 ለ1.09 ሲካፈል 1.23 ነው፤ 140 ለ114 ሲካፈልም 1.23። ማሱን ሳትመዝኑ አገኛችሁት።

ደረጃ 10፦ በሰከንድ ስንት ፊሽን?

ቶሎ እንለፈው። አጥሩን ስንሻገር የውህደት ዕድሉን የሚያሳየው ስፋት በግምት ከግማሽ ባርን (1 ባርን 10⁻²⁴ ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው) በትንሹ ይበልጣል፤ 0.56 እንበል። በካሬ ሳንቲ ሜትር 100 ማይክሮ ግራም ዩራኒየም ያለው ስስ ዒላማ 2.5 × 10¹⁷ አቶም ይይዛል። በሰከንድ 6 ቢሊዮን ያህል ኦክስጅን ብትልኩበት በሰከንድ 850 ገደማ ፊሽን ታገኛላችሁ። ዲቴክተሮቹ ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ብቻ ያያሉ። ዒላማውን ማወፈር ያጓጓል። አታድርጉት። ስንጥሮቹ ውስጡ ሲያልፉ ጉልበታቸውን ይጥላሉ፤ ያ ሁሉ የፍጥነት ስሌት ይበላሻል።

የሚቀረው ራስ ምታት

አስመሳዩን ጥላችሁ 0.219 ላይ የተሰበሰበውን ይዛችኋል። አሁንስ ሁሉም እውነተኛ ውህደት ነው? እዚህ ላይ ሎሚው ይመጣል።

ኦክስጅኑ ሙሉ ሞመንተሙን ሰጥቶ ከዩራኒየሙ ጋር ይጣበቃል፤ ግን ሁለቱ በደንብ ተደባልቀው ድቡልቡል ውህድ ኒውክለስ ከመሆናቸው በፊት ተመልሰው ይለያያሉ። ይህ ኳዚ ፊሽን ይባላል። የእጥፋት አንግሉም ፍጥነቱም ከእውነተኛው ውህደት አይለይም። በ1995 ሂንዴና ባልደረቦቹ በካንቤራ፣ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፣ ይህንኑ የኦክስጅንና የዩራኒየም ጥንድ መርምረው ነበር። ጉልበቱ ከአጥሩ በታች ሲወርድ ስንጥሮቹ በጨረሩ አቅጣጫ ከሚጠበቀው በላይ ይበዛሉ። ማብራሪያቸው ከቅርጹ ጋር የተያያዘ ነው። በዝቅተኛ ጉልበት አጥሩን ማለፍ የሚቻለው በሹሉ ጫፍ ብቻ ነው፤ በጫፍ የተጣበቀ ጥንድ ደግሞ ረዥም ስለሆነ ለመለያየት ቅርብ ነው። በሆድ በኩል የገባው ግን ይዋሃዳል።

የሁለቱ ቻርጅ ብዜት ሲጨምር ነገሩ ይብሳል። የእኛ 8 × 92 = 736 ነው። ሩሲያ፣ ዱብና ከተማ ባለው የኒውክለር ምርምር ተቋም ካልሲየም-48ን በኪዩሪየም-248 ላይ ተኩሰው 116ኛውን ኤለመንት ሲፈልጉ ብዜቱ 20 × 96 = 1,920 ነበር። እዚያ ከሚጣበቁት አብዛኞቹ ሳይዋሃዱ ይለያያሉ። እጅግ ከባድ ኤለመንቶች በአቶም የሚቆጠሩበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ አስመሳዩን እንደ ቆሻሻ መጣሉም አላዋቂነት ነው። በጃፓን ቶካይ ኦክስጅን-18ን በዩራኒየም ላይ ሲተኩሱ ያመለጠውን ቁራጭ በሲሊከን ዲቴክተር ይለዩታል። ያመለጠው ከታወቀ የቀረውም ይታወቃል፤ ከአንድ ሙከራ የብዙ አይሶቶፖች ፊሽን ይገኛል። በፈረንሳይ ካን ከተማ ባለው ጋኒል በተባለው የአፋጣኝ ላብራቶሪ ደግሞ ገለበጡት፤ ዩራኒየሙን ራሱን ጨረር አድርገው በካርቦን ላይ ላኩት። ስንጥሮቹ ሁሉ ወደፊት ስለሚፈጥኑ ማሳቸውን ብቻ ሳይሆን አቶሚክ ቁጥራቸውንም መለየት ተችሏል።

እናንተ ሞክሩት

ካርቦን-12፣ ጉልበቱ 75 ኤምኢቪ፣ በዩራኒየም-238 ላይ። የካርቦን-12 የማስ ልዩነት ዜሮ ነው። የሚፈጠረው ካሊፎርኒየም-250 ሲሆን የማስ ልዩነቱ +71.17 ነው። ከደረጃ 1 እስከ 7 ያለውን ሥሩ። የግለት ጉልበቱ 47.5 ኤምኢቪ፣ የስንጥሮቹ ጠቅላላ ጉልበት 188.6 ኤምኢቪ፣ የእጥፋት አንግሉ 164.3 ዲግሪ ሊወጣላችሁ ይገባል። አንግሉ 172 አካባቢ ከመጣ ስንጥሩ ያዘነበለበትን ዲግሪ በሁለት ማባዛት ረስታችኋል።